«ትዘረጋለች» ወይስ «ታስሮጣለች»? የመዝሙር 68፥31 አንድ ግስ

ኅዳግ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጥቂት ሆነን መዝሙረ ዳዊትን ቁጥር በቁጥር እናነባለን። እያነበብን ግርጌ ላይ አጫጭር ማስታወሻ እንጽፋለን። ለራሳችን ነው፤ ልናሳትመው አይደለም። መዝሙር 68 ላይ ስንደርስ ያው ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ጥቅስ መጣ፦ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች።» ማስታወሻ አያስፈልገውም ብለን ልናልፈው ስንል ከመካከላችን አንዱ ቀልድ ጣል አደረገ። «አሁንማ የምትዘረጋው ወደ ፈረንጅ ነው» አለ። ሳቅን። ቀልዱ የቆየ ነው፣ እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም። እኔን ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ አልለቀቀኝም። ቀልዱ የሚያስቀው በአማርኛ «እጅ መዘርጋት» ልመናም ስለሆነ ነው። ዕብራይስጡስ እንዲህ ለቀልድ ይመቻል ወይ?

ከፍቼ አየሁት። አይመችም። «መዘርጋት» የሚለው ቃል እዚያ የለማ!

ያለው ግስ «ታሪጽ» ነው። ሥሩ «ሩጽ» ነው፤ መሮጥ። እዚህ የመጣው ደግሞ በአስደራጊ መልክ ነው። እንዳለ ሲቀመጥ «ኩሽ እጆቹን ወደ እግዚአብሔር ታስሮጣለች» ይላል። (አዎ፣ ግሱ በሴት፣ እጆቹ በወንድ። የኔ የጽሕፈት ስሕተት አይደለም።)

ሥሩ ለእኛ ባዳ አይደለም። የግዕዙ «ሮጸ» እና የአማርኛው «ሮጠ» የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ለመዘርጋት ዕብራይስጥ ሌላ ግስ አለው፤ «ፓራስ» ይባላል። መዝሙር 143፥6 «እጆቼን ወደ አንተ ዘረጋሁ» ሲል እሱን ነው የተጠቀመው። 1ኛ ነገሥት 8፥22 ላይ ሰሎሞን በመሠዊያው ፊት ቆሞ እጆቹን ወደ ሰማይ ሲዘረጋም እሱው ነው። ቃሉ በእጁ እያለ መዝሙረኛው እዚህ ጋ ሲደርስ ትቶት «ሩጽ» አለ። ለምን?

ማስታወሻው ላይ ምን ብንጽፍ ይሻላል?

ነገር ፈላጊ

«ታስሮጣለች»? እጆቿን? በስንት ሰዓት ገባች? 😄

ለነገሩ የሯጭ አገር ነን፣ ይመቸናል።

ዘንባባ

ወንድሜ፣ በቅን ልብ እንደጠየቅህ ይገባኛል። ግን እባክህ ይህን ጥቅስ ተወን። እኔ ማንበብ ሳልችል ነው ከአያቴ አፍ የያዝኩት። እሷም ማንበብ አትችልም ነበር። ሲጨንቃት ሁለት እጇን ወደ ላይ ታደርግና ይህንኑ ትላለች። ለእኔ የጥቅሱ ትርጉም የአያቴ እጅ ነው።

ደግሞስ «ትዘረጋለች» ያለው አማርኛው ብቻ ነው እንዴ? ሉተርም በጀርመንኛው እጆቿን ትዘረጋለች ነው ያለው። የ1611ዱ ኪንግ ጄምስም እንደዚያው። ያ ሁሉ ሊቅ ተሳስቶ እኛ ዛሬ በስልካችን መዝገበ ቃላት ከፍተን ልናርመው ነው?

አሌፍ ቤት

@ዘንባባ ኪንግ ጄምስን ከጠራሽው አይቀር ደግመሽ እዪው። እንግሊዝኛው «ትዘረጋለች» ብቻ አይልም፤ «ፈጥና ትዘረጋለች» ነው የሚለው። «ፈጥና» ከየት መጣች? ከዚያው «ሩጽ» ከሚለው ሥር ነዋ። ተርጓሚዎቹ ሩጫውን አይተውታል። እጅ ሲሮጥ እንዴት እንደሚባል ስለቸገራቸው ሩጫውን ወደ «ፈጥና» አወረዱትና ግሱን በ«መዘርጋት» ተኩት። አማርኛችን ግን «ፈጥና»ንም አላስቀረልንም። የ1954ቱን ትርጉም ማለቴ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ማስሮጥ» የሚለው መልክ በብሉይ ኪዳን ብዙ ቦታ የለም። ያለበትን ቦታ ብታዩ ግን ነገሩ ይገለጣል።

ዘፍጥረት 41፥14። ፈርዖን ዮሴፍን አስጠራው፤ ከጉድጓዱም «አስሮጡት»። በቶሎ አወጡት ማለት ነው።

1ኛ ሳሙኤል 17፥17። እሴይ ለዳዊት የተጠበሰ እህልና አሥር እንጀራ ሰጥቶ ወደ ጦሩ ሰፈር፣ ወደ ወንድሞችህ «አስሩጥ» ይለዋል። ፈጥነህ አድርስ ነው። (የተጠበሰውን እህል ዕብራይስጡ «ቃሊ» ይለዋል። ቆሎ! ይህን ያየሁ ቀን ብቻዬን ስቄያለሁ።)

2ኛ ዜና 35፥13። በኢዮስያስ ፋሲካ ሥጋውን ቀቅለው ለሕዝቡ ሁሉ «አስሮጡት»። ሳይቀዘቅዝ አዳረሱት ልትሉ ትችላላችሁ።

በሦስቱም ቦታ አንድ ነገር ወይም አንድ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በጥድፊያ ይደርሳል። ባዶውን የሚሮጥ የለም። መዝሙሩንም በዚሁ መነጽር ካነበብነው እጆቹ ባዶ አይመስሉኝም። የያዙት ነገር አለ።

ጥርጣሬ

ኤርምያስ 49፥19ን ዘለልከው። እዚያም ይኸው መልክ አለ፤ ግን የሚያደርስ የለም። ከስፍራው ማባረር ነው። የሚስማማህን ብቻ መርጠህ አታምጣ።

አሌፍ ቤት

እውነትህን ነው፣ ይቅርታ። ኤርምያስ 50፥44 ላይም ይደገማል። እነዚያ ሁለቱ ማባረር ናቸው። ግን ልብ በል፣ እነሱ ላይ ተቀባይ የለም። «ወደ እገሌ» የሚል ሲኖር ነው ማድረስ የሚሆነው። መዝሙሩ ደግሞ «ለእግዚአብሔር» ይላል።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ግዕዙን የሚጠራው ሰው ጠፋ እንዴ?

«ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር።»

«ታበጽሕ» መዘርጋት አይደለም። በጽሐ ደረሰ ነው፤ አብጽሐ አደረሰ። ስለዚህ «ታበጽሕ» ታደርሳለች ነው። ወንድማችን አሌፍ ቤት ከዕብራይስጥ ዞሮ ዞሮ የደረሰበትን አባቶቻችን በአንድ ቃል ጨርሰውታል።

ለመሆኑ ከየት አገኙት? የግዕዙ መዝሙር የተመለሰው ከግሪኩ ከሰብዓ ሊቃናት ነው። ግሪኩ ያለው ግስ ቀድሞ መድረስ፣ መሽቀዳደም ነው። ሰብዓ ሊቃናት ከዕብራይስጡ ሩጫ ፍጥነቱን ያዙ፤ የእኛዎቹ ከግሪኩ መድረሱን ያዙ። ጥድፊያው በመንገድ ትንሽ ሳስቷል። «መዘርጋት» ግን በሁለቱም ውስጥ የለም።

ሌላም ልጨምር። ግሪኩ «እጇን» ይላል በነጠላ። ግዕዙ «እደዊሃ» በብዙ ነው፤ ዕብራይስጡም በብዙ ነው።

እግረ መንገዴን፦ አንዳንድ ሰው «ታበፅዕ» ብሎ ሲጽፍ አያለሁ። እሱ ሌላ ቃል ነው፤ ብፁዕና ብፅዓት የወጡበት። በ«ሐመሩ ሐ» ይጻፍልን።

ጀማሪ ነኝ

መዝሙር 67ን ከፍቼ ፈለግሁ፣ 68ንም ፈለግሁ። በአንዱ መጽሐፌ አለ፣ በሌላው የለም። አንዱ ደግሞ ቁጥር 32 ነው የሚለው። የትኛው ነው ትክክል?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

ሁሉም ልክ ነው ልጄ። ግሪኩና ግዕዙ 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ ስላደረጉት ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው በአንድ ያንሳል። ስለዚህ በዳዊታችን 67 ነው። 32 የሚለው ደግሞ የዕብራይስጡ አቆጣጠር ነው፤ ርእሱን እንደ አንድ ቁጥር ስለሚቆጥር አንድ ይጨምራል።

ኅዳግ ጸሐፊ

የኔታ (እንዲህ ብልዎ አይከፋዎትም መቼም)፣ «ታበጽሕ»ን ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው «ትዘረጋለች» ማለት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። አማርኛው ግዕዙን ሸፍኖብኛል ማለት ነው።

ነገር ፈላጊ

ኧረ ዋናውን ረስታችሁታል። ዕብራይስጡ ኢትዮጵያ አይልም፣ ኩሽ ነው የሚለው። ኩሽ ማለት ደግሞ ሱዳን ነው። የሰው ጥቅስ ይዘን ነው የምንጨቃጨቀው 😂

አወያይ

ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ክሩ ስለሚበላሽ አጭሩን ልበልና ልዝጋው። በዕብራይስጡ ኩሽ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው አገር ነው፤ ሕዝቅኤል 29፥10 ድንበሩን ከአስዋን ጋር ያያይዘዋል። ግሪኩ ይህንን «ኢትዮጵያ» ብሎ ተረጎመው። ስሙ ወደ ግዕዙ የገባው በዚያ በር ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍም በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» የሚላቸውን በግዕዙ «ሐበሻ» ይላቸዋል። ስለ ስሙ መከራከር የሚፈልግ ሌላ ክር ይክፈት። እዚህ ስለ ግሱ ነው።

ላቲን ቀመስ

አንድ ነገር ላቀብል። ሄሮኒሞስ ቤተ ልሔም ተቀምጦ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ መዝሙሩን በቀጥታ ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን መልሶታል። የሱ አባባል «ፌስቲኔት ዳሬ ማኑስ ዴዎ» ነው። በአማርኛ ስመልሰው ደነገጥኩ፦ «ለእግዚአብሔር እጅ ለመስጠት ትፍጠን።»

እጅ መስጠት! በላቲንም «እጅ ሰጠ» ማለት ተሸነፈ፣ ተማረከ ማለት ነው። ልክ እንደ እኛው።

ኅዳግ ጸሐፊ

ቆይ ቆይ። አሁን ገና አንድ ነገር እየታየኝ ነው። እንግሊዝኛዎቹንም ጎን ለጎን ከፍቼ እያየሁ ነበር። የአይሁድ ማተሚያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው «ኩሽ ስጦታዋን ወደ እግዚአብሔር ታፋጥናለች» ይላል። ኒው ሪቫይዝድ ስታንዳርድ «እጆቿን ለመዘርጋት ትፍጠን» ይላል። ኒው ኢንተርናሽናል ደግሞ «ራሷን ለእግዚአብሔር ታስገዛለች»። አንድ ግስ፣ ሦስት ትርጉም። እንግሊዝኛ አንባቢ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ስጦታ ሌላ፣ ጸሎት ሌላ፣ መገዛት ሌላ ቃል ነውና።

እኛ ግን? እጅ መንሻ። እጅ መዘርጋት። እጅ መስጠት። ሦስቱም እጅ ናቸው! «እጅ ነሣ» ብቻውን ሰገደ ነው፤ እጅ መንሻ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ስጦታ ነው። ሰብአ ሰገል ያቀረቡትን ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ የማቴዎስ ወንጌላችን «እጅ መንሻ» ነው የሚለው።

ከመጀመሪያው አጥፍቻለሁ መሰለኝ። የጠየቅሁት «ትዘረጋለች»ን በምን እንተካው ብዬ ነበር። የጠፋው ግን ሩጫው ነው፤ እጁማ አለ።

ባለ ቅኔ

እንግዲህ ሰምና ወርቅ ነዋ! ሰሙ መዘርጋት፣ ወርቁ መገበር።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

ሁሉን ነገር ሰምና ወርቅ አታድርጉት። ሰምና ወርቅ ባለቅኔው አስቦ የሚሠራው ነው፤ ተርጓሚው ሲቸገር የሚደበቅበት ጓሮ አይደለም።

ባለ ቅኔ

ተቀብያለሁ 🙏

ጥርጣሬ

ሁላችሁም ተስማምታችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት አንድ እንቅፋት ላስቀምጥ። «ታሪጽ» የግድ ከ«ሩጽ» ነው ያለው ማነው? በአካድ ቋንቋ (በጥንቱ የባቢሎንና የአሦር ቋንቋ) «ተራጹ» የሚል ግስ አለ። ትርጉሙ መዘርጋት ነው፤ ከእጅ ጋርም ይነገራል። ዕብራይስጡ ከዚያ ጋር የሚገናኝ ከሆነ «ት» የሴት መነሻ ሳትሆን የሥሩ ፊደል ናት ማለት ነው። ግሱ ያኔ በወንድ ይሆናል፤ «ኩሽ እጆቹን ዘረጋ»። ኅዳግ ጸሐፊ መጀመሪያ ላይ የጠቀስከው የሴትና የወንድ ግጭትም አብሮ ይፈታል። የዘንባባ አያት ትክክል ነበሩ ማለት ነው።

ዘንባባ

ይመስገን! አያቴ አካድኛ ታውቅ ኖሯል 😄

አሌፍ ቤት

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የምሬን ነው። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሁለት ነገር ግን ይይዘኛል።

አንደኛ፣ የተጻፈው ቃል መካከሉ ላይ «ዮድ» አለው። አንተ የምትለው ንባብ ያቺን ፊደል ማውጣት ይጠይቃል። አንድ ፊደል ነው፣ አዎ። ግን ፊደል አውጥተን፣ ከሩቅ ቋንቋ ሥር ተበድረን፣ ያንን ሥር ዕብራይስጡ በሌላ ቦታ ለእጅ ሲጠቀምበት ሳናሳይ «ተፈታ» ማለት ይከብደኛል። እያለ ያለውን «ሩጽ» ለመሸሽ ይህን ሁሉ መንገድ?

ሁለተኛ፣ የሴትና የወንዱ ነገር ያን ያህል ችግር አይደለም። በዕብራይስጥ አገር እንደ ምድር ሲታሰብ ሴት ነው፣ እንደ ሕዝብ ሲታሰብ ወንድ። ምድሪቱ ታስሮጣለች፤ እጆቹ የሕዝቡ ናቸው። እኛስ «አገሪቱ ተነሣች፣ ሕዝቡም ወጣ» እንል የለ?

ይልቅ ከዐውዱ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ውጡ። ቁጥር 29 ነገሥታት ስጦታ ያመጡልሃል ይላል። ቁጥር 30 ጦርነት የሚወዱ ሕዝቦችን በትን ይላል፤ ብርም ያነሣል። ከዚያ ግብፅ ይመጣል፣ ከዚያ ኩሽ። እንግዲህ የሚመጡት በወረፋ ነው፤ የሚመጡት ደግሞ ሊገብሩ።

አሁን ቁጥር 29 ላይ «ስጦታ» የተባለውን ቃል ተመልከቱ። «ሻይ» ነው። (ሳቁ፤ ስታበቁ እንቀጥላለን።) ይህ ቃል በመላው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። አንዱ እዚህ። ሁለተኛው መዝሙር 76 መጨረሻ አካባቢ። ሦስተኛው ኢሳይያስ 18፥7። ኢሳይያስ 18 ስለ ማን ነው? ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለው ምድር! ረጅሙ፣ ቆዳው የለሰለሰው ሕዝብ ለሠራዊት ጌታ «ሻይ» ያመጣል ይላል፤ ወደ ጽዮን ተራራ። አንድ ብርቅ ቃል፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ ተራራ። ለእኔ የመዝሙሩን እጆች የሚሞላው ይህ ነው።

ጥርጣሬ

ኢሳይያስ 18ን አላሰብኩትም ነበር። አካድኛውን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፤ ግን ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ዘንባባ

እኔም ትንሽ ለሰለስኩ። «እጅ መንሻ» ስትሉ አያቴ ይበልጥ ደስ የሚላት ይመስለኛል። ባዶ እጇን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አታውቅም፤ ጧፍም ቢሆን ይዛ ነው።

ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። «መዘርጋት» ስሕተት ነው ብትሉ እንኳ ሥራ የሠራ ስሕተት ነው። ማንጌና ሞኮኔ እ.ኤ.አ. በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ ከነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የራሱን ሲያቆም ስሟን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አላት። ከዚህ ጥቅስ ተነሥቶ ነው። እነዚያ ሰዎች ያነበቡት «ፈጥና እጆቿን ትዘረጋለች» የሚለውን ነው፤ ተስፋ ሰጣቸው። «ራሷን ታስገዛለች» የሚለውን ቢያነቡ ኖሮስ? በቅኝ ግዛት ሥር ላለ ሰው «ተገዛ» የሚል ጥቅስ ምን ይጠቅመዋል? ትርጉም ስትመርጡ ማን እንደሚያነበውም አስቡ ለማለት ነው።

ላቲን ቀመስ

ሚዛን የሚደፋ ነገር ነው። ግን «ፈጥና» የምትለዋ ቃል ለእነሱ ተስፋ የሆነችው ከዕብራይስጡ ሩጫ ስለተረፈች ነው። እኛ ጋ የቀረችው እሷ ናት። ሳስበው ቅናት ቢጤ ይይዘኛል። ስማችን ያለበት ጥቅስ ነው፤ «ፈጥና»ን ግን ሌሎች ይዘዋት ሄዱ።

ኅዳግ ጸሐፊ

እሺ፣ አሁን ግስ እንምረጥ። «ታስሮጣለች» በጸሎት መካከል ቢነበብ ሰው ይስቃል፤ ነገር ፈላጊ አስቀድሞ ስቋል። «ታፋጥናለች» ደረቅ ነው፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። «ታጣድፋለች» አይሆንም፤ ሰውን ማዋከብ ይመስላል። «ታደርሳለች» ግዕዙን ይይዛል፣ ግን እጅ ይደረሳል? ስጦታ ነው እንጂ የሚደርሰው። «ታሽቀዳድማለች» ግሪኩን ይመስላል፣ ግን ረዘመ፤ ሲዜም ይጎረብጣል። «ፈጥና ትዘረጋለች» የማንንም ልብ አይሰብርም። አንድ ቃል ብቻ ነው የምንጨምረው።

አሌፍ ቤት

«ፈጥና ትዘረጋለች»ን እደግፋለሁ፤ ግን ቅር እያለኝ። ምስሉ ይጠፋል። በዕብራይስጡ የሚሮጡት እጆቹ ራሳቸው ናቸው። እግር የለም፣ መልእክተኛ የለም። እጅ ሲሮጥ ይታያችሁ። በአማርኛ እጅ አይሮጥም፤ ችግሩ እሱ ነው።

እማማ ነኝ

ልጆቼ ተጫወቱ። ይህን ነገር የልጅ ልጄ ነው የሚያነብልኝ፣ እኔ የምለውንም እሷ ናት የምትጽፈው። በአማርኛ እጅ አይሮጥም ያለው ማነው? ልጅ አሳድጎ ያውቃል? ሕፃን ከአልጋ ጫፍ ሊወድቅ ሲል ከእግርህ በፊት እጅህ ነው የሚሮጠው። አንተ ገና ሳትነሣ እጅህ ደርሷል። ወንዱም እንዲያው ነው፣ እናት ብቻ አይደለችም። እኔ ጥቅሱን እንዲያ ነው የምሰማው። ስታየው ሳታስበው እጇ ቀደማት።

አሌፍ ቤት

እማማ።

የምመልሰው የለኝም። መዝገበ ቃላቴን ዘጋሁ።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

እሜቴ፣ ግሪኩ ያለው ይህንኑ ነው እኮ! ቀደመ። እጇ ቀደመ። እርስዎ ሳያነቡ ነው ያገኙት።

ዘንባባ

የልጅ ልጅ ሆይ፣ እማማን ስሚልኝ። አያቴን አስታወሱኝ።

ነገር ፈላጊ

እሺ፣ ቀልዴን አነሣለሁ። ግን እኔም አንድ ቁም ነገር ልናገር። እማማ እንዳሉት ከሆነ እጆቹ ስጦታ ላይዙም ይችላሉ። ሕፃን ሊይዝ የሚሮጥ እጅ ባዶ ነው። የአሌፍ ቤት «ሻይ» ፈሰሰ።

አሌፍ ቤት

ሃሃ። ነገር ፈላጊ ዛሬ ነገር አገኘ። አልፈሰሰም፤ ኢሳይያስ 18 አሁንም አለ። ግን መዝሙረኛው «ሻይ» የሚለውን ቃል ከሁለት ቁጥር በፊት ተጠቅሞበት ሲያበቃ እዚህ ሲደርስ «እጆች» ማለቱ እውነት ነው። ስጦታን ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ቃሉን ይደግመው ነበር። መዘርጋትን ብቻ ቢፈልግ «ፓራስ» አለለት። ሁለቱንም ትቶ ሦስተኛ መንገድ መረጠ። ስለዚህ የ1985ቱ «ስጦታዋን» ማለቱም ከሚገባው በላይ የወሰነ ይመስለኛል። ሐሳቤን በከፊል ቀይሬያለሁ።

ኅዳግ ጸሐፊ

ትናንት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ጻፍነው። ክሩን አነበብኩላቸው፤ ያ የቀለደው ልጅ እማማ ጋ ስንደርስ ዝም አለ። ጽሑፉን አልነካነውም፤ «ትዘረጋለች» እንዳለ ነው። ግርጌው ላይ የገባው ይኸው፦

«ትዘረጋለች፦ ዕብራይስጡ እጆቿን ታስሮጣለች ይላል፤ ግዕዙ ታበጽሕ፣ ታደርሳለች። ለመጸለይ፣ እጅ ለመንሣት ወይም እጅ ለመስጠት ሊሆን ይችላል (ኢሳ. 18፥7ን ተመልከት)። የትኛውም ቢሆን እጇ ከራሷ ቀድሟል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የእማማ ናት።

ጥርጣሬ

አካድኛውስ?

ኅዳግ ጸሐፊ

ኪስህ ውስጥ ይቆይ፤ ቦታ አልበቃንም።

ጀማሪ ነኝ

አንድ ጥያቄ ብቻ። እዚያው ቁጥር ላይ ከግብፅ የሚመጡት «መኳንንት» ናቸው። ሌላ ትርጉም ላይ ግን «ነሐስ» የሚል አየሁ። መኳንንት እንዴት ነሐስ ይሆናሉ?

አሌፍ ቤት

ኧረ በሕግ! «ሐሽማኒም» ነው ቃሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ነው። ግሪኩ መልእክተኞች አለ፣ ግዕዙ «ተናብልት» ብሎ ተከተለው። ሄሮኒሞስ «በፍጥነት ያምጡ» አለ። ነሐስ ያለም አለ፣ ቀለም የተነከረ ጨርቅ ያለም አለ። አካድኛ ውስጥ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ስም አለ፤ «ሐሽማኑ»።

ጥርጣሬ

አካድኛ ነው ያልከው? 🙂 አዲስ ክር ክፈት፣ መጣሁ።